አሜሪካ ለመምጣት ያሰበ ሁሉ መጀመሪያ ጥርሱን ይታይ

«አሜሪካ እየኖራችሁ ጥርስ ለማሠራት አዲስ አበባ ትመጣላችሁ? እዚያ ሐኪም የለም እንዴ?» ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ከአገር ቤት ይመጣል፤ በተለይ ዲያስፖራው ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ገብቶ ሻንጣውን በቅጡ ሳይፈታ የጥርስ ክሊኒክ ቀጠሮ ሲይዝ። ጠያቂው የዋህ ነው፣ ክፋት የለውም። ሐኪምማ ሞልቷል። ባልቲሞር ላይ በ1840 የተከፈተው የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ በዓለም የመጀመሪያው ነው፤ ዋሽንግተን ላይ የሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ኮሌጅ ከ1881 ጀምሮ ያስተምራል። የጎደለው አንድም ገንዘብ ነው፣ አንድም ማንም ጮክ ብሎ የማያወራው እፍረት።

ከእፍረቱ እንነሣ፤ የባሰው እሱ ነውና። ወንጂ፣ መተሐራ፣ ዝዋይ ወይም ሌላ የስምጥ ሸለቆ ከተማ የጉድጓድ ውኃ እየጠጣ ያደገ ሰው የፊት ጥርሱ ቡናማ ቢሆን አገር ቤት ማንም አይገረምም። «የወንጂ ልጅ ነህ አይደል?» ተብሎ ይታለፋል። እዚህ ግን ወንበሩ ላይ ጋደም ብሎ አፉን ሲከፍት፣ ጥርስ የምታጥበው ባለሙያ በቀጭኗ ብረት ቡናማውን መስመር ትፍቀዋለች። አይለቅም። ደግማ ትሞክራለች። ከዚያ ቀና ትልና «በቀን ስንት ጊዜ ትቦርሻለህ?» ብላ ትጠይቃለች። በልጅነቱ ጠዋት ጠዋት መፋቂያ ይዞ ደጅ ላይ ሲፍቅ ላደገ ሰው ይህ ስድብ ነው። መዝገቡ ላይ «የአፍ ንጽሕና ጉድለት» ተብሎ ይሰፍራል። ከዚያ ቀን በኋላ ተመልሶ የማይሄድ ብዙ ነው፤ እጁን አፉ ላይ አድርጎ መሳቅ ይለምዳል፣ ፎቶ ሲነሣ ከንፈሩን ይገጥማል። የሚያሳዝነው ያቺ ቡናማ ጥርስ አትገድለውም፤ የሚጎዳው ከኋላ ያለ የተበላ መንጋጋ ነው፣ እሱን ደግሞ በእፍረቱ ምክንያት ማንም ሳያይለት ይቀራል።

ይህ ቆሻሻ ሳይሆን ፍሎሮሲስ ነው፤ ውኃ ውስጥ የሚገኝ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ሲበዛ የሚመጣ። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር የመጠጥ ውኃ ውስጥ ከ1.5 ሚሊግራም በላይ ፍሎራይድ እንዳይኖር ይመክራል፤ የስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ እጅግ ያልፋሉ። ቋሚዎቹ የፊት ጥርሶች ገና ድድ ውስጥ ሳሉ፣ ከውልደት እስከ ስምንት ዓመት ገደማ፣ ውጫዊ ሽፋናቸው በሚሠራበት ጊዜ ፍሎራይዱ ሲበዛ ሽፋኑ ሳይጠነክር፣ ውስጡ ክፍተት በዝቶበት ይወጣል። ጥርሱ ከበቀለ በኋላ ነው ከምግብና ከመጠጥ ቀለም እየጠጣ ቡናማ የሚሆነው። በዐሥራ ሁለት ዓመቱ ወንጂ የገባ ልጅ የፊት ጥርሱ ላይ አይታይበትም፤ እዚያው ተወልዶ በስምንት ዓመቱ አዲስ አበባ የሄደ ግን ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል። አሜሪካኖቹ ራሳቸው ይህንን በገዛ አገራቸው አይተውታል። በ1901 ኮሎራዶ ስፕሪንግስ የገባው ፍሬድሪክ ማኬይ የሚባል የጥርስ ሐኪም የከተማዋን ልጆች ጥርስ ቡናማ ሆኖ አገኘው፤ ጥፋቱ የውኃው ፍሎራይድ መሆኑ የታወቀው በ1931 ነው። በጥቂቱ ሲሆን ግን ጥርስን እንደሚጠብቅ ስለተረዱ ከ1945 ጀምሮ፣ መጀመሪያ ግራንድ ራፒድስ ላይ፣ ራሳቸው ውኃ ውስጥ መጨመር ጀመሩ፤ በ2015 የወጣው ምክር በሊትር 0.7 ሚሊግራም ነው። ስለዚህ አንገት የሚያስደፋ ነገር የለም። የመጀመሪያው ቀን፣ አፋችሁን ከመክፈታችሁ በፊት «ፍሎሮሲስ አለብኝ፣ ስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ጠጥቼ ነው ያደግሁት» በሉና መዝገቡ ላይ እንዲጻፍ ጠይቁ። ትምህርት ቤት የተማሩት ነገር ነው፤ ወዲያው ይገባቸዋል።

ማስተካከል የፈለገ ደግሞ ከቀላሉ ይጀምር። መጀመሪያ ማንጫ ነው፦ በጥርሱ ልክ የተሠራ ስስ ፕላስቲክ ውስጥ 10 በመቶ ካርባማይድ ፐርኦክሳይድ ያለበት የማንጫ ጄል አድርጎ ለሳምንታት ሌሊት ሌሊት መተኛት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነጫጭ ነጥቦቹ ጎልተው ይታያሉ፤ ሰው ደንግጦ የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው፣ ሲቆይ ግን እየረገበ ይሄዳል። ካልበቃ ሐኪሙ በአሲድና በደቃቅ ዱቄት ላዩን በስሱ ይጠርጋል፣ ወይም ክፍተቱ ውስጥ ሬዚን የሚባል ፈሳሽ ፕላስቲክ አስርጎ በብርሃን ያደርቀዋል። ከዚያ በኋላ ነው በሙሌት መሸፈን፣ በመጨረሻም ፖርሰሊን፣ ማለትም ጥርሱ ፊት ላይ የሚለጠፍ ስስ የሸክላ ሽፋን። የተለመደው ስህተት ከመጨረሻው መጀመር ነው። ለፖርሰሊን ጥርሱ ይሞረዳል፣ የተሞረደ አይመለስም፣ ፖርሰሊኑም ከዐሥር ከዐሥራ አምስት ዓመት በኋላ መቀየሩ አይቀርም። ሌላም አለ፦ ፍሎሮሲስ ያለበት ጥርስ ላይ ማጣበቂያ እንዲይዝ አሲዱ ከተለመደው ጊዜ በላይ መቆየት አለበት። ይህንን የማያውቅ ሐኪም የለጠፈው በወራት ውስጥ ይወልቃል። ኢንሹራንስ ደግሞ «ለውበት ነው» ብሎ አንዲት ሳንቲም አይከፍልም።

እናቶቻችን ላይ የሚደርሰው ሌላ ነው። ድዷን የተወቀረች የጎንደር ወይም የትግራይ እናት እዚህ ስትታይ፣ ያንን ጥቁር ሰማያዊ ድድ አይቶ የማያውቅ ሐኪም ካንሰር ይሆናል ብሎ ይደነግጣል፤ ሥጋ ተቆርጦ ይመርመር ይላል፣ ቤተሰቡም ለሳምንታት እንቅልፍ ያጣል። ውቅራት የላይኛው የፊት ድድ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ እኩል የተዘረጋ ነው፣ ለዓመታትም አይለወጥም። ካንሰር የሚያጠራጥረው አንድ ጎን ብቻ የወጣ፣ እየሰፋ የሄደ፣ ቀለሙ የተዥጎረጎረ ወይም የሚደማ ጥቁረት ነው፤ እሱ ሲኖር ምርመራው አይቅር። ለእናታችሁ የምታስተረጉሙ ልጆች «በወጣትነቷ በጥላሸት የተወቀረ ነው» ብላችሁ ቀድማችሁ ንገሩ፣ የቆየ ፎቶ ካለም አሳዩ።

ክራንቻ የሌለው ጎልማሳም እንዲሁ ይጠየቃል፤ «አደጋ ደርሶብህ ነበር?» ይሉታል። በሕፃንነቱ ተቅማጥ ሲይዘው «የወተት ጥርሱ ነው» ተብሎ ድዱ ተሰንጥቆ የወጣው ነገር ትል አልነበረም፣ ያልበቀለ ክራንቻ ነበር። ከሥሩ ያለው የቋሚው ጥርስ እንቡጥም አብሮ ሊጎዳ ይችላል፤ ያኔ ቋሚው ወይ ሳይበቅል ይቀራል፣ ወይ ተጣሞ ይበቅላል። እዚህ ለተወለዱ ልጆች ይህንን ለማድረግ የሚያስቡ አያቶች ዛሬም አሉ። እባካችሁ አይደረግ! ሕፃኑን ይጎዳል፣ በሕግም በልጅ ላይ የተፈጸመ ጥቃት ሆኖ ወላጅን ያስከስሳል።

ከተማውም የሰዉን አፍ ለውጦታል። የእኛ ሰው ዋሽንግተን ላይ መጀመሪያ አዳምስ ሞርጋን 18ኛው ጎዳና ነበር፣ ቀጥሎ ወደ 9ኛውና ዩ ጎዳና ወረደ። ኪራዩ ሰማይ ሲነካ ምግብ ቤቱ ቀስ በቀስ፣ ነዋሪው ቀድሞ ወደ ሜሪላንዱ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ ቨርጂኒያው አሌክሳንድሪያ ወጣ። በእግር የሚደረስበት የሠፈር ሐኪም አሁን በመኪና አንድ ሰዓት ሆነ። ከርቀቱ የባሰው ግን የግዛት ድንበሩ ነው። ሜዲኬይድ፣ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጠው የመንግሥት ኢንሹራንስ፣ በየግዛቱ የተለየ ነው፤ ቨርጂኒያ ለአዋቂዎች ሰፋ ያለ የጥርስ ሕክምና መሸፈን የጀመረችው በጁላይ 2021፣ ሜሪላንድ በጃንዋሪ 2023 ነው። ቤት የለወጠ ሰው የድሮው ይዘጋበታል፣ አዲሱ እስኪከፈት ይጠብቃል። በመሃል የጥርሱ ነርቭ ተጠርጎ ክራውን፣ ማለትም ጥርሱን ሙሉ የሚያለብሰው ቆብ፣ ሳይደረግለት ይቀራል። ጊዜያዊው ሙሌት ለጥቂት ሳምንት ብቻ የተሠራ ነው፤ ይሸረሸራል፣ ምራቅ ያስገባል፣ ክራውን ያልለበሰው መንጋጋም አንድ ቀን እንጀራ ሲታኘክ ለሁለት ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ ደግሞ መነቀል እንጂ ሌላ መድኃኒት የለውም። ክራውኑ ሳያልቅ አድራሻ አትለውጡ፤ የግድ ከሆነም ጨርሶ ለመሄድ ሐኪሙን ለምኑ።

ኑሮው ራሱ ጥርስ ይበላል። ታክሲ ወይም ኡበር የሚነዳ ሰው ስኳር የበዛበት ቡናውን ለዐሥራ ሁለት ሰዓት በትንሽ በትንሹ ይጎነጫል። አፍ ውስጥ ያለው አሲድ ከእያንዳንዱ ጉንጭ በኋላ ለመርገብ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፤ በየሃያ ደቂቃው ለሚጎነጭ ሰው ጥርሱ ቀኑን ሙሉ አሲድ ውስጥ ነው። ከስኳሩ ብዛት በላይ የሚጎዳው ድግግሞሹ ነው። ቡናውን በአንድ ቁጭታ ጠጥቶ ከዚያ በኋላ ውኃ ብቻ የሚጎነጭ ሹፌርና ያኛው ሹፌር፣ ስኳራቸው እኩል ቢሆን እንኳ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ አፋቸው አንድ አይሆንም።

ኦክቶበር ሲመጣ ደግሞ ሽርሽሩ አለ። እኛ አገር መፀው የአደይ አበባ ነው፤ እዚህ ቅጠሉ ቀልቶ የሚረግፍበት ነው፣ የእኛም ሰው ለምዶታል። ቨርጂኒያ ካለው የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ 105 ማይል በሚረዝመው ስካይላይን ድራይቭ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ድፎ ዳቦና ጥብስ የያዘ ቤተሰብ ይታያል። በጣም ደስ ይላል። ሰኞ ግን ክሊኒካችን የሚመጣውን እናውቃለን፦ መኪና ውስጥ ቆሎ ሲቆረጥም የተሰበረ መንጋጋ፣ ካራሜል የተቀባ ፖም የነቀለው ክራውን። ትልቅ ሙሌት ያለው ጥርስ ቆሎ፣ በተለይ ሽምብራው፣ ሲቆረጠም ቀድሞ ይሄዳል፤ ሙሌቱን ከብቦ የቀረው ግድግዳ ስስ ስለሆነ ነው። በፖርሰሊን የፊት ጥርስ ደግሞ ፖም አይገመጥም፤ ተቆርጦ ይበላል።

ክራውን ከወለቀ አትጣሉት። በውኃ እጠቡት፣ ከፋርማሲ ጊዜያዊ ሲሚንቶ ገዝታችሁ በቦታው መልሱት፣ ቀስ ብላችሁ ግጠሙ፣ በዚያ ጎን አታኝኩ፣ በቀናት ውስጥ ሐኪም ያየው። ሱፐር ግሉ በፍጹም አይነካ፤ ጥርሱንም ድዱንም ያበላሻል፣ ክራውኑም ዳግመኛ አይገጥምም።

ልጅ ወድቆ ቋሚ የፊት ጥርሱ ከነሥሩ ከወጣ ግን ደቂቃ ነው የሚቆጠረው። ጥርሱን በነጩ በኩል ያዙ፣ ሥሩን አትንኩ፣ አትፈግፍጉት። ከቆሸሸ በወተት ወይም በውኃ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ አለቅልቁና እዚያው ቦታው መልሳችሁ ንጹሕ ጨርቅ አስነክሱት። ካልተቻለ ቀዝቃዛ ወተት ውስጥ አድርጋችሁ ሩጡ፤ ከአንድ ሰዓት ካለፈ የመትረፍ ዕድሉ በጣም ይቀንሳል። ስለዚህ ሽርሽር ስትወጡ በበረዶ ሣጥናችሁ ውስጥ ትንሽ ወተት ይኑር፤ ተራራው ላይ ስልክ የማይሠራበት ቦታ ብዙ ነው። የሕፃን ጥርስ ከሆነ ግን አይመለስም፤ ከሥሩ ያለውን ቋሚ ጥርስ ይጎዳል።

አሁን ዲቪ ለደረሳችሁ ወይም ቤተሰብ ለሚያመጣችሁ። የቪዛው የሕክምና ምርመራ ሳንባችሁን በራጅ ያያል፣ ጥርሳችሁን አያክምም። እዚህ የአንድ መንጋጋ የነርቭ ሕክምና ከነክራውኑ ከ2,000 እስከ 3,500 ዶላር ሊደርስ ይችላል፤ የተለመደ የጥርስ ኢንሹራንስ ደግሞ በዓመት ከ1,000 እስከ 2,000 ብቻ ይከፍላል፣ ለክራውን ግማሹን ነው የሚሸፍነው፣ ብዙ ጊዜም ስድስት ወር ወይም ዓመት ያስጠብቃል። ኢንሹራንሱ ከመጀመሩ በፊት ለተነቀለ ጥርስ ምትክ የማይከፍሉም ብዙ ናቸው። ስለዚህ «ልሄድ ነው» ብላችሁ መዳን የሚችለውን ጥርስ አታስነቅሉ፤ አሳክሙት። ለወላጆችም ስሙ፦ ሜዲኬር፣ የአረጋውያኑ የመንግሥት ኢንሹራንስ፣ ተራ የጥርስ ሕክምና አይሸፍንም፣ ግሪን ካርድ ይዞ የመጣ አዋቂም ለሜዲኬይድ በአብዛኛው አምስት ዓመት ይጠብቃል።

ያበጠ ጥርስን በአሞክሳሲሊን ብቻ ማስታመም ይቅር። የሞተ ነርቭ ውስጥ ደም ስለማይደርስ መድኃኒቱም አይደርስም፤ እብጠቱ ይረግብና ተመልሶ ይመጣል። በ2007 እዚሁ ሜሪላንድ፣ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ውስጥ የ12 ዓመት ልጅ ከተበላ ጥርስ የተነሣው ኢንፌክሽን አንጎሉ ደርሶ ሞቷል። ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ብትሄዱም አብዛኛውን ጊዜ ማስታገሻና አንቲባዮቲክ ሰጥተው ከከባድ ሒሳብ ጋር ይሸኟችኋል፤ የጥርስ ሐኪም እዚያ የለም። ገንዘብ የሌለው ሰው መሄድ ያለበት በገቢ መጠን የሚያስከፍሉ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች ወይም የጥርስ ኮሌጆች ክሊኒክ ነው፤ ተማሪው በመምህር ፊት ይሠራል፣ ጊዜ ይፈጃል፣ ዋጋው ግን ይቀንሳል።

ከበረራው ስድስት ወር በፊት ሙሉ የአፍ ራጅ ተነሡ። የማይድነው ይነቀል፣ የተበላው ይሞላ፣ ነርቩ የተነካው ታክሞ ክራውን ይልበስ። የመጨረሻው ሳምንት ላይ ጥርስ አታስነቅሉ፤ ቁስሉን የሸፈነው የረጋ ደም ቢወልቅ ሕመሙ የሚነሣው ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ ነው፣ ያኔ አውሮፕላን ላይ ናችሁ። ጥርስ ለማሠራት አገር ቤት የምትገቡ ደግሞ ስድስትና ስምንት ክራውን በአንድ ሳምንት የሚጨርስላችሁን ሐኪም ሽሹ። ኢምፕላንት፣ ማለትም በተነቀለ ጥርስ ቦታ መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚገባው ብሎን፣ ከተተከለ አጥንት እስኪይዘው ከሦስት እስከ ስድስት ወር ስለሚፈልግ ሁለት ጉዞ አስቡ። ስትመለሱም የኢምፕላንቱን ፋብሪካና ቁጥር በወረቀት፣ ራጁንም በስልካችሁ ያዙ፤ እዚህ ብሎን ቢላላ ያለዚያ ወረቀት የሚገጥም ቁልፍ የሚያገኝላችሁ ሐኪም ማግኘት ከባድ ነው።