እንጉዳዮቼ ጥላ ሲያገኙ ፈኩ፦ የ9 ወር ማስታወሻ

ከ9 ወር በፊት የጨው ውሃ አኳሪየሜ ውስጥ 3 እንጉዳይ አኔሞኒ አስገባሁ፤ የእንጉዳይ ቅርጽ ያላቸው፣ ኮራል መሳይ የባሕር እንስሳት ናቸው። ዓይነታቸው ይለያያል፦ አንድ ቀይ ዲስኮሶማ፣ አንድ አረንጓዴ ሮዳክቲስ፣ አንድ ብርቱካናማ ሪኮርዲያ ፍሎሪዳ። ዛሬ ጠዋት ስቆጥር 11 ሆነዋል። ግን እዚህ የደረስኩት ቀላል በሆነ መንገድ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ 2 ወራት ሁሉንም ላጣቸው ነበር።

አኳሪየሜ 90 ሊትር ነው። እንጉዳዮቹ ሲገቡ 4 ወር ሞልቶት ነበር፤ ከዓሣ ቆሻሻ የሚመጡት መርዞች፣ አሞኒያውም ናይትራይቱም፣ ዜሮ ላይ ከወረዱ ቆይተዋል። ውሃው የተዘጋጀ ነው ብዬ ልቤ ሞልቶ ነበር። ውበታቸው ጎልቶ እንዲታይ ሦስቱንም ከድንጋዩ አናት ላይ፣ ከኤልኢዲ መብራቱ ሥር አስቀመጥኳቸው። ኮራል ብርሃን ይወዳል ሲባል ሰምቼ የለ?

በ2ኛው ሳምንት ቀዩ ዲስኮሶማ መሰብሰብ ጀመረ። ሲገባ የሻይ ስኒ ማስቀመጫ ያህል ተዘርግቶ ነበር፤ አሁን ከአውራ ጣቴ ጥፍር ብዙም አይበልጥም። ደም የመሰለው ቀለሙ ወደ ሐመር ሮዝ ሄደ። እኔ ደግሞ ጥፋቱን ከውሃው ላይ ፈለግኩ። በየ3 ቀኑ ውሃ እቀይር ጀመር፣ የዓሣዎቹን ምግብ ቀነስኩ። ባሰበት።

ነገሩ የገባኝ ስለ እነዚህ ፍጥረታት ቁጭ ብዬ ሳነብ ነው። አኔሞኒ ይባሉ እንጂ እውነተኛ አኔሞኒ አይደሉም። ኮራሊሞርፋሪያ የሚባል የራሳቸው ምድብ አላቸው፤ የቅርብ ዘመዶቻቸው ድንጋያማ ኮራሎች ናቸው። ልዩነቱ እነሱ አጽም አይሠሩም። በሰውነታቸው ውስጥ በዓይን የማይታይ አልጌ አብሯቸው ይኖራል። አልጌው ከብርሃን ስኳር ይሠራል፣ ትልቁን ድርሻ ለእንጉዳዩ ይሰጣል። ብርሃኑ ከልክ ሲያልፍ ግን ይኸው አልጌ እንጉዳዩን የሚጎዳ ነገር ያመነጫል፤ እንጉዳዩም አልጌውን ያስወጣዋል። የኔ ቀይ የገረጣው ለዚህ ነበር።

የብርሃን መለኪያ ተውሼ ለካሁ። አናቱ ላይ 200 ፓር (አልጌው የሚጠቀምበት ብርሃን መለኪያ) አካባቢ፣ ታች አሸዋው አጠገብ ደግሞ 60። ሦስቱንም ወደ ታች አወረድኳቸው። ውሃውንም ስለካ እንጉዳዮቹና አልጌያቸው በጥቂቱ የሚፈልጓቸው ንጥረ ነገሮች፣ ናይትሬትና ፎስፌት፣ ሁለቱም ዜሮ ሆነው አገኘኋቸው። ለካ በንጽሕና ስም እያስራብኳቸው ነበር! ዓሣዎቹን እንደ ድሮው መመገብ ጀመርኩ፤ ውሃ መቀየሩን በ2 ሳምንት አንዴ አደረግኩት። ናይትሬቱ አሁን በሊትር ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም፣ ፎስፌቱ 0.05 ሚሊግራም አካባቢ ነው። በ5ኛው ሳምንት ቀዩ ጠርዙን ዘረጋ። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ መናገር ይከብደኛል።

ከዚያ ሮዳክቲሱ ጠፋ። አንድ ጠዋት ብነሳ ቦታው ባዶ ነው። ፈልጌ ፈልጌ ከፓምፑ ጀርባ፣ መምጠጫው አጠገብ ተጠቅልሎ አገኘሁት። ያስቀመጥኩበት ቦታ የውሃው ፍሰት በቀጥታ የሚመታው ነበር፤ እንጉዳይ ቦታ ካልተመቸው እግሩን ፈትቶ ይሄዳል። መልሼ ላጣብቀው ብሞክር የሚያዝ ነገር የለውም። ሰውነቱ ስለሚያሟልጭ ማጣበቂያ አይቀበልም።

የረዳኝ ቀላል ዘዴ ነው። ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ስብርባሪ የኮራል ድንጋይ ዘረገፍኩ። እንጉዳዩን አፉ ወደ ላይ እንዲሆን አድርጌ አስቀመጥኩት፤ በመረብ ሸፈንኩትና ውሃው የተረጋጋበት ጥግ ላይ ተውኩት። ዋናው ነገር መተው ነው። በየቀኑ እየነካካችሁ “ያዘ ወይ?” ብትሉ አይዝም። በ9ኛው ቀን ዕቃውን ነቅነቅ ሳደርገው አብሮ አልተንሸራተተም። ጎንበስ ብዬ በባትሪ አየሁት፤ ከእግሩ ሥር ቀጭን ነጭ ጠርዝ አንዲት ጠጠር ላይ ተለጥፏል።

ብዛታቸውስ እንዴት መጣ? እኔ አልቆረጥኳቸውም። ምላጭ የሚጠቀሙ አሉ፣ ይሠራልም፤ እኔ ግን እጄ እሺ አላለኝም። ቀዩ ዲስኮሶማ በራሱ ጊዜ ድንጋዩ ላይ በዝግታ ይጓዛል። ሲያልፍ ከእግሩ ቁራጭ ሥጋ ጥሎ ይሄዳል። ከሳምንታት በኋላ ያቺ ቁራጭ አፍ አውጥታ የምስር ፍሬ የምታህል እንጉዳይ ትሆናለች። አሁን ቀዮቹ 7፣ ሮዳክቲሶቹ 3 ናቸው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ገር ይመስላሉ እንጂ ለጎረቤት አይመቹም። ከሮዳክቲሱ ጋር የሚነካካ ድንጋያማ ኮራል ነበረኝ፤ የነካው ጎኑ ሥጋው ተልጦ አጽሙ ቀረ። አሁን እንጉዳዮቹን አሸዋው መሐል ለብቻው በቆመ ድንጋይ ላይ ነው የማኖራቸው። የዝሆን ጆሮ የሚባለውን ትልቁን ዓይነት ደግሞ አላስገባም። እሱ እንደ ከረጢት ተጠቅልሎ ትናንሽ ዓሣ ይይዛል፤ የኔ ዓሣዎች ደግሞ ትናንሽ ናቸው።

የቀረው ተራ ነገር ነው። ሙቀቱ 25 ዲግሪ፣ የጨውነት ልኩ 1.025 (የውሃው ክብደት ከንጹህ ውሃ ጋር ሲነጻጸር)። ውሃ ሲተን ጨው ስለማይተን የጎደለውን የምሞላው ጨው በሌለበት የተጣራ ውሃ ነው። ለሮዳክቲሱና ለሪኮርዲያው በሳምንት አንዴ የተከተፈ ሚሲስ (ሽሪምፕ መሳይ ትንሽ የባሕር እንስሳ) በቱቦ አደርስላቸዋለሁ። ሮዳክቲሱ ጠርዙን ሰብስቦ ምግቡን ሲሸፍነው ማየት በጣም ደስ ይላል።

ማታ ማታ ነጩን መብራት አጥፍቼ ሰማያዊውን ብቻ እተዋለሁ። ያኔ ሪኮርዲያው እንደ ፍም ይግላል። እያንዳንዱ ፊኛ መሳይ ጉብታው ለየብቻው ያበራል። ትናንት በዚያ ብርሃን ሳየው አንድ አዲስ ነገር አስተዋልኩ። መሐሉ ላይ ያለው አፍ ረዝሟል፣ ከጎኑም ሁለተኛ አፍ አለ። ለሁለት ሊከፈል ነው። ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ እስከዚያ ድንጋዩን ንክች አላደርገውም።