ቶሮንቶ ተምሬው ቢቸና የተነበበልኝ ፊደል

ስደት ላይ ያለ ሰው ስለ ሥራ፣ ስለ ወረቀት፣ ስለ ብርድ ብዙ ይጽፋል። እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለ ፊደል ነው።

ቶሮንቶ ግራፊክ ዲዛይን ስማር ከትምህርቱ ሁሉ ልቤን የወሰደው ታይፖግራፊ፣ ፊደልን የመቅረጽና የመደርደር ጥበብ ነው። በተለይ ኤክስፕረሲቭ ታይፖግራፊ የሚሉት። ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው። አንድ ቃል ይሰጥሻል። ያለ ሥዕል፣ ያለ ቀለም፣ በራሱ ፊደሎች ብቻ ስሜቱን አሳዪ ትባያለሽ። ሲሠሩት ግን ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ያደርጋል።

የመጀመሪያዎቹ መልመጃዎች ላይ ኮምፒውተር አይነካም። ፎቶኮፒ የተደረጉ ትልልቅ የላቲን ፊደሎች፣ ምላጭ፣ ሙጫ፣ አራት ማዕዘን ነጭ ወረቀት፣ በቃ። ፎንቱ አንድ ነው፤ ሄልቬቲካ። በ1957 (እዚህ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ስዊዘርላንድ ውስጥ የወጣ ፎንት ነው፤ ጌጥ የለውም፣ ስለዚህ መደበቂያም የለውም። የተፈቀደልን ማሳነስና ማተለቅ፣ ማራራቅና ማቀራረብ፣ መድገም፣ ማዞር፣ መቁረጥ ነው። ፊደሉን ማጣመም ክልክል ነው። ቃሎቹ ደግሞ መጨናነቅ፣ መስፋፋት፣ መደጋገም፣ መቀነስ፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ከተሰጡን ቃላት አንዱ ስደት ነው።

ይቺ ቃል ስትደርሰን ብዙዎቹ ተማሪዎች ፊደሎቹን ከግራ ወደ ቀኝ አስኬዷቸው። አንዳንዱ አበተናቸው፣ አንዳንዱ አሰለፋቸው። እኔ አንዷን ፊደል ብቻ ከመሃል አውጥቼ ወረቀቱ ጫፍ ላይ ለጠፍኳት፤ የቀሩት ግን አልተጠጋጉም፣ ቦታዋን ክፍት አድርገው ባሉበት ቆሙ። ማንም ቃሉን ያለ እሷ በደንብ ሊያነበው አይችልም። እሷም ብቻዋን ቃል አትሆንም። ጎጃም ስለቀሩት ቤተሰቦቼና ስለ እኔ ከዚያ በፊት እንደዚያ አጥርቼ ተናግሬ አላውቅም።

ሥራው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። የሠራው ሰው አፉን ይዘጋል፣ ሌሎቹ ያዩትን ይናገራሉ። አስተማሪያችን ወረቀቱን ዘቅዝቃ ትሰቅለውና ዓይናችሁን ጠበብ አድርጋችሁ እዩት ትለናለች። ቃሉ መነበቡን ሲተው ነጩና ጥቁሩ ብቻ ይቀራል። ያኔ በሁለት ፊደል መካከል ያለው ባዶ ቦታ ከፊደሉ እኩል እንደሚናገር ይገባሻል። ከሚያሳዩን ሥራዎች አንዱ አሜሪካዊው ዲዛይነር ሄርብ ሉባሊን በ1965 ለአንድ መጽሔት የሠራው ስም ነበር። እናት በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ውስጥ ያለችው ክብ ፊደል ማህፀን ሆና ልጅ የሚለውን ቃል በሆዷ ይዛለች። መጽሔቱ ሳይታተም ቀረ። ሥራው ግን ይኸው እስከ ዛሬ ያስተምራል።

ቀጥሎ የመጣው ነው ዋናው። አስተማሪዋ ሌላ ፊደል ያላችሁ በራሳችሁ ፊደል ሥሩ አለችን። ቤቴ ሄጄ ጠረጴዛው ላይ ግእዝ ፊደል ሳሰጣ፣ በልጅነቴ በስንደዶ እየነኩ ያስቆጠሩኝን ፊደል እንደ አዲስ ማየት ጀመርኩ።

ጠበበ የሚለውን ቃል ውሰዱ። ጠ ሦስት እግር አላት፣ በ ሁለት፣ በ ሁለት። በደህና ርቀት ስትጽፏቸው ሦስት ፊደል ናቸው። አሁን አጠጋጓቸው። በፊደሎቹ መካከል ያለው ክፍተት በአንዱ ፊደል እግሮች መካከል ካለው ክፍተት ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ አጠጋጓቸው። ሦስቱ ፊደል ይጠፋና ሰባት እግር ብቻ ተሰልፎ ይቆማል። የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አይታወቅም። ዓይን ማረፊያ ያጣል። እኔ ምንም አላጣመምኩም፣ ምንም አልጨመርኩም፤ ቃሉ ራሱ ጠበበ።

ሌላው ቤት ነው። ክፍል ውስጥ ስለ ላቲን ፊደል የተማርነው ላይኛውን ግማሽ ብቻ ብታሳይ አንባቢው ያውቀዋል፣ ታችኛውን ብቻ ብታሳይ ግን ይቸገራል የሚል ነው። ይህን በእኛ ፊደል ሞከርኩት። በ፣ ባ፣ ቢ፣ ቤ፣ ቦ ጽፌ ታችኛውን ግማሽ በወረቀት ሸፈንኩ። አምስቱም አንድ ሆኑ! የባ ቀኝ እግር መርዘሙ፣ የቢ ጭረት፣ የቤ ቀለበት፣ የቦ ግራ እግር መርዘሙ፣ ሁሉም ያለው ከታች ነው። ቡ ብቻ ጭረቷ ወገቧ ላይ ስለሆነ ትንሽ ትቆያለች። ላይኛውን ሸፍኜ ደግሞ ታቹን ሳየው አናባቢውን አውቃለሁ፣ የማን ልጅ እንደሆነ ግን አላውቅም። የፊደሉ አናት ዘሩን ይዟል፣ እግሩ ድምፁን። ሳድሱ እንደየፊደሉ ስለሚለያይ ይህ ሕግ ሁሉም ጋ አይሠራም፤ ብዙው ጋ ግን ይሠራል። ስለዚህ ቤት የሚለውን ቃል ከወረቀቱ ግርጌ አስጠግቼ የቤን ቀለበት በጠርዙ ቆረጥኳት። ቤ የነበረችው በ ሆነች። ቤቱ እግሩን ሲያጣ መጠሪያውም አብሮ ተሰበረ። ይህን ላቲን ፊደል በዚህ መንገድ ሊሠራው አይችልም።

ያኔ ነው አንድ ነገር የተረዳሁት። በእኛ ፊደል ስንሠራ ዝም ብለን የላቲኑን መሣሪያ እንዋሳለን። ለምሳሌ ኢታሊክ፣ ያ ዘንበል ያለው ጽሕፈት። በላቲኑ ኢታሊክ የራሱ ታሪክ አለው፤ በ1501 ቬኒስ ውስጥ ከእጅ ጽሕፈት ተወስዶ የተቀረጸ ነው። የእኛን ፊደል ኮምፒውተሩ ገፋ አድርጎ ሲያዘነብለው ግን የወጣበት እጅ የለም። የእኛ ጸሐፊዎች አንድን ቃል ለይተው ሊያሳዩ ሲፈልጉ በቀይ ቀለም ይጽፉ ነበር። የጌታ ስም፣ የእመቤታችን ስም፣ የቅዱሱ ስም በቀይ። ገጹን ገና ከሩቅ ስታዪው ስሞቹ የት የት እንዳሉ ታውቂያለሽ። አቢይ ሆሄም የለንም። መጮህ የፈለገ ሰው ፌስቡክ ላይ ምን ያደርጋል? በጣምምምም ብሎ ይጽፋል፣ ኧረረረ ይላል። ፊደል እየደገመ ድምፁን ይጎትታል። ሰው ሳያውቀው የዲዛይን ትምህርት ቤት መልመጃ እየሠራ ነው፣ ደግሞም አሳምሮ።

ሥራዎቼን ጠቅልዬ ለእረፍት አገር ቤት ይዣቸው ሄድኩ። ዓባይን ተሻግሮ ደጀን፣ ከዚያ በየትመን አድርጎ ቢቸና። የአባቴ ታላቅ ወንድም ከዲማ ጊዮርጊስ ብዙ ሳይርቅ ነው የሚኖሩት። ድጓ የሚባለውን የቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ የተማሩ፣ ብራናም የሚጽፉ ሰው ናቸው። ቤተሰቡ ሁሉ የኔታ ነው የሚላቸው።

"የኔታ፣ ይኸን ያዩልኛል?" አልኳቸው።

"በይ እስቲ አምጪው ልጄ። መነጽሬን አቀብይኝ።"

የመጀመሪያውን ወረቀት አነሱ። ጠበበ ነው። ጮክ ብለው አነበቡት፤ ግን እንደተራ ቃል አይደለም፣ ሦስቱን ፊደል በአንድ ትንፋሽ አጣድፈው ነው ያነበቡት። ቀጥሎ ርቀት የሚለውን ሰጠኋቸው፤ ር በግራ ጠርዝ፣ ቀ መሃል፣ ት በቀኝ ጠርዝ ላይ ናቸው። ድምፃቸውን ከአንዱ ፊደል ወደ ሌላው እየጎተቱ፣ ባዶውን ቦታ በዜማ እየሞሉ አነበቡት። ፊደሎቹ ቁልቁል የሚወርዱበትን ሲያነቡ ድምፃቸው አብሮ ወረደ። እኔ ምንም አላልኳቸውም። እንዴት እንደሚነበብ አላስረዳኋቸውም።

"ይኸኛው ሂደት ነው። ይኸ ደግሞ ድፋት። ምልክቱን የት አደረግሽው?"

"ምልክት የለውም የኔታ፣ ፊደሉ ብቻ ነው።"

"እንግዲያስ ፊደሉን ራሱን ምልክት አድርገሽዋል።"

ለማያውቅ ሰው ልንገር። ድጓ ላይ ከቃሉ በላይ ደቃቅ የዜማ ምልክቶች ይጻፋሉ። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ ይባላሉ። የት ድምፅ እንደሚወርድ፣ የት እንደሚሮጥ፣ የት እንደሚቆረጥ ለዘማሪው ይነግሩታል። የኔታ ዕድሜያቸውን ሙሉ ገጽ እያዩ ድምፅ ሲያወጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ቶሮንቶ ክፍል ውስጥ እንደ አዲስ የተሰጠኝ ሐሳብ ለእሳቸው ሥራቸው ነው።

ጠበበን ግን መልሰው አነሱት። "ይቺ ታንቃለች" አሉኝ።

"መጥበቡን ለማሳየት ነው እኮ የኔታ።"

"እሱስ ገብቶኛል። ለአንድ ቃል ያምርባታል። መጽሐፍ ሙሉ ግን እንዲህ እንዳታደርጊ፤ ፊደል ካልተነፈሰ አንባቢው ይደክማል።"

ከዚህ የተሻለ አስተያየት ግድግዳ ፊት ቆሜ አልሰማሁም። ከዚያ የመቃ ብዕር ቀርጸው አሳዩኝ። ጫፉን በሰያፍ ይቆርጡታል፣ መሃሉን ሰንጠቅ ያደርጉታል። ከጥላሸት በተሠራው ቀለም ነክረው በ ጻፉልኝ። ወደ ታች የሚወርደው እግር ይወፍራል፣ አግድሙ ይቀጥናል። ብዕሩ የተቆረጠበት ሰያፍ ነው ይህን የሚያመጣው፣ እጃቸው አልተጫነም። ፎንት ላይ የማየው ውፍረትና ቅጥነት ምክንያቱ ይኸው ነው። የግእዝ ፊደል መጀመሪያ ለኅትመት የበቃው በ1513 ሮም ላይ መዝሙረ ዳዊት ሲታተም ነው፤ ለማተሚያ ከእርሳስ ብረት የተሠራው ፊደልም የተከተለው የብራናውን ጽሕፈት ነበር።

ቶሮንቶ ስመለስ የማጠናቀቂያ ሥራችን ንግግርን በፊደል ማሳየት ሆነ። ፈረንሳዊው ዲዛይነር ማሲን በ1964 የጸሐፌ ተውኔቱን የኢዮኔስኮን ተውኔት እንደዚያ አድርጎ ለመጽሐፍ አዘጋጅቶታል፤ ለየገጸ ባሕርዩ የተለየ ፎንት ሰጥቶ፣ ንግግሩ ሲጋጋል ፊደሉም ገጹን እያጥለቀለቀ። እኔ የመረጥኩት ከእማየ ጋር የማደርገውን የስልክ ወሬ ነው። ፈቅዳልኝ ቀዳሁት።

እማየ ርቀቱን በድምፅ ለመድረስ ትጮሃለች። ስለዚህ "ሃሎ! ይሰማሻል?" የሚለው ገጹን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ያዘው። "በላሽ ወይ?" ደግሞ በየገጹ ይመለሳል፣ መጠኑ ሳይለወጥ፣ ያው ቦታ ላይ። ኔትወርኩ ሲቆረጥ ፊደሉን ከሥሩ ቆረጥኩት፤ የጠፋው ድምፅ የወሰደውን ጊዜ ያህል ነጭ ቦታ ተውኩ። "ጤፉ ታጭ" ብላ ትጠፋለች፣ ግማሽ ገጽ ባዶ፣ ከዚያ "ዶ ገባ" ትላለች። በጣም የደከምኩበት ግን ትንፋሿ ነው። እኛ ሰው ሲያወራን አዎ ለማለት እ ብለን ትንፋሽ ወደ ውስጥ እንስባለን አይደል? ፈረንጅ ሲሰማው የደነገጥን ይመስለዋል። ይህን ድምፅ እንዴት ትጽፊዋለሽ? ብዙ ሞክሬ በመጨረሻ ትንሽ እ አድርጌ፣ በስሱ፣ በእኔ ንግግር መስመር ውስጥ ገብታ ወደ ግራ፣ ማለትም ንባቡ ከሚሄድበት በተቃራኒ እንድታዘነብል አደረግኳት። አየር ወደ ውስጥ ሲገባ እንዲታይ ነው።

አማርኛ የማያውቁ ልጆች ግድግዳው ፊት ቆመው አነበቡልኝ። የትኛዋ ትልቅ ሴት እንደሆነች፣ የት መስመሩ እንደተቆረጠ፣ ደጋግማ የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ እንዳለ አወቁ። አንዷ እዚያች ዘንበል ያለች እ ላይ ጣቷን አድርጋ "ይቺ እየሰማችሽ ነው ማለት ነው?" አለችኝ። ከዚያ በኋላ አፌን ለመዝጋት በጣም ተቸገርኩ።

አሁን ይህን ሁሉ የምጽፈው የአክስቴ ልጅ ደብረ ማርቆስ ባነር ቤት ስለሚሠራ ነው። የእሱን ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ብዙ ልጆች አሉ፣ ጎበዞች። ደንበኛው ባዶ ቦታ አይወድም፤ ስለዚህ ፊደሉ ባነሩን እስኪሞላ ወደ ጎን ይለጠጣል፣ ከዚያ ጥላ ይደረግበታል፣ ከዚያ ዙሪያው በሌላ ቀለም ይከበባል። ፊደል ወደ ጎን ሲለጠጥ እግሩ ብቻ ይወፍራል፣ አግድሙ እንደ ቀጠነ ይቀራል፣ የቤ ቀለበት እንቁላል ትሆናለች። ብዕር እንደዚያ አድርጎ አይጽፍም፣ ዓይንም ይህን ያውቀዋል።

"እታለም፣ ታዲያ በምን ልሙላው?" አለኝ በቪዲዮ።

አትሙላው አልኩት። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ የዓለምን ፊደላት በሚለዩበት የጋራ መዝገብ ውስጥ፣ ከገባበት ከ1999 ወዲህ ብዙ ፎንት ተሠርቷል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነፃ ይወርዳል፤ ከስስ እስከ በጣም ወፍራም ድረስ አለው፣ ጠበብ ብሎ የተሠራም አለው። ማድመቅ ስትፈልግ ወፍራሙን ውሰድ፣ ቦታ ሲጠብህ ጠባቡን ውሰድ፣ መለጠጡን ተው። አንድ ፎንት፣ ሁለት መጠን፣ ሌላው ነጭ ይሁን። መጀመሪያ ግን በእርሳስ ትንንሽ አድርገህ ደጋግመህ ሞክረው።

ይሞክራል። ፎቶ እያነሳ ይልክልኛል። አሁን የያዝነው የወፍጮ ቤት ታፔላ ነው። እሱ ወፍጮ የሚለውን ቃል ሙሉ በክብ አዙሮ መጻፍ ይፈልጋል። እኔ ደግሞ ወ ራሷ ክብ ናት፣ እሷን ብቻ አተልቀህ የቀሩትን ከጎኗ በሥርዓት አሰልፋቸው እላለሁ። ገና አልተስማማንም።