የስምንት ዩሮ ምላጭ

ዛሬ ጠዋት ቀኝ ጉንጬን ብቻ ራሴ ስዬ ባዘጋጀሁት አሮጌ ታጣፊ ምላጭ ተላጨሁ። ግራውን ሰዓት ስለሄደብኝ በፕላስቲኳ መላጫ ጨረስኩት። ቀኑን ሙሉ ቀኝ ጉንጬን ስዳብስ ስለዋልኩ አንዷ የሥራ ባልደረባዬ ጥርሴን ያመመኝ መስሏት ማስታገሻ አመጣችልኝ። አመስግኜ ኪሴ ከተትኩት። ምን ብዬ ላስረዳት?

ለዚህች አንድ ጉንጭ አምስት ሳምንት ለፍቻለሁ። ሳይረሳኝ ልጻፈው።

ነገሩ የጀመረው ከአንገቴ ነው። ጺሜ እንደ ብዙዎቻችን ጥቅልል ነው። ባለ ሦስትና ባለ አምስት ስለት መላጫ ፀጉሩን ጠልቆ ይቆርጠዋል። ሲያድግ ደግሞ ተጠማዝዞ ተመልሶ ቆዳዬ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ያ የምናውቀው ሽፍታ ይመጣል። ሐኪሟ "ወይ ጺምህን አሳድግ፣ ወይ በአንድ ስለት ፀጉሩ በሚተኛበት አቅጣጫ ተላጭ" አለችኝ። እሷ ያሰበችው ተራዋን ምላጭ ነው። እኔ ግን ትዝ ያለኝ ሌላ ነገር ነው። ደሴ፣ የሰፈራችን ፀጉር ቤት፣ በሩ ጀርባ የተንጠለጠለው፣ ረጅሙ ምላጭ የሚሳልበት የቆዳ ጠፍር።

ምላጩን ያገኘሁት እዚህ ጀርመን፣ ኮሎኝ፣ እሁድ እሁድ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ገበያ ላይ ነው። አንዲት አሮጊት ማንኪያና የቡና ስኒ ደርድረዋል። ከማንኪያዎቹ መሀል ጥቁር እጀታ ያለው የታጠፈ ነገር አየሁ። ስከፍተው ዝገት ነው። ዝገቱን በአውራ ጣቴ ፈተግ ሳደርገው አንገቱ ላይ "ዞሊንገን" የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ። አሥር ዩሮ አሉኝ። ስምንት አልኳቸው። ሰጡኝ። መርካቶ ቢሆን ሁለት ጊዜ ጥዬ ሄጄ ሁለት ጊዜ እጠራ ነበር።

ዞሊንገን ከዚህ በባቡር ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ቢላ፣ መቀስ፣ ምላጭ፣ ጎራዴ፣ ስለት ያለው ነገር ሁሉ የሚሠራባት ከተማ ናት። ከ2012 ጀምሮ "የስለት ከተማ" የሚለው ከስሟ ጋር አብሮ ይጻፋል። ዝም ብሎ የሚለጠፍ ስምም አይደለም። ከ1938 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ዋናው ሥራ እዚያ ያልተሠራ ስለት ላይ "ዞሊንገን" ብሎ መጻፍ አይቻልም። አንድ ቅዳሜ ሄጄ ግሬፍራት የሚባለው ሰፈር ያለውን የስለት ሙዚየም ጎበኘሁ። ሕንጻው የድሮ ገዳም ነው። ከዚያ ወደ ቩፐር ወንዝ ወረድኩ። ድሮ የወንዙ ውሃ መንኮራኩር ያዞር ነበር፣ መንኮራኩሩ ደግሞ ሞራጆቹ የሚሠሩበትን ትልቅ ክብ ድንጋይ። ምላጩ ኪሴ ውስጥ ነበር። የትውልድ አገሩን ያሳየሁት መሰለኝ። (ስለት ይዞ በባቡር መሄድ ብልህነት እንዳልሆነ ቆይቶ ነው የገባኝ።)

ያ ክብ ድንጋይ ለምን እንደሚጠቅም ምላጩን ከፊት ለፊት ሲያዩት ይገባል። ጀርባው ወፍራም ነው። ጎኖቹ ወደ ውስጥ ተቦርቡረው፣ አፉ ጋ ሲደርስ እንደ ወረቀት ስስ ይሆናል። መሳያ ድንጋይ ላይ ሲያጋድሙት ድንጋዩን የሚነኩት ሁለት ቦታዎች ብቻ ናቸው፣ ጀርባውና አፉ። ቢላ ሲስሉ ማዕዘኑን በእጅ መጠበቅ ያስፈልጋል። ምላጭ ግን ማዕዘኑን ራሱ ይዞ ነው የተወለደው። ይህን ሳውቅ "እንግዲያማ ምን ከባድ አለው?" አልኩ።

መጀመሪያ ንጽሕናው። እኔ ያደግኩት "ስለታማ ነገሮችን በጋራ አለመጠቀም" የሚለውን በሬዲዮም በትምህርት ቤትም እየሰማሁ ነው። የሰፈራችን ፀጉር ቤት ረጅም ምላጭ ከመደርደሪያው የወረደው በዚያን ጊዜ ነው። በምትኩ ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ምላጭ ለሁለት ተሰብሮ የሚገባበት እጀታ መጣ። ስለዚህ የማላውቀው ሰው የተላጨበትን ብረት ፊቴ ላይ ማስጠጋት ቀላል አልነበረም። በ70 ፐርሰንት አልኮል ዘፈዘፍኩት። በረኪና ግን አይሞከርም፤ ብረቱን ይበላዋል።

ከዚያ ዝገቱ። ስስ ብርጭቆ ወረቀት በቡሽ ላይ ጠቅልዬ፣ ዘይት ጠብ አድርጌ ፈተግኩ። ከጀርባው ወደ አፉ ብቻ ነው የሚፈተገው፣ መልሶ ወደ ላይ መሳብ የለም። ይህን ሕግ ያወቅኩት አመልካች ጣቴን ከቆረጥኩ በኋላ ነው። የሚገርመው ያ ምላጭ ጺም መላጨት አይችልም፣ ጣት መቁረጥ ግን ይችላል። ትዕግሥቴ ሲያልቅ አንድ ጓደኛዬ ጋራዥ ያለውን የሚሽከረከር መሞረጃ ልዋስ ብዬ ነበር። እንኳን ተወኩት። ያን የመሰለ ስስ ብረት በሰከንዶች ውስጥ ይግላል። ወደ ሰማያዊ ከተለወጠ ጥንካሬው ሄዷል፣ ከዚያ በኋላ ቢስሉት ስለት አይዝም።

ድንጋይ ገዛሁ። ጃፓን ሠራሽ፣ ባለ ሁለት ፊት፣ አንዱ 1000 ቁጥር፣ ሌላው 6000። ሻካራው 1000 አፉን ያወጣል፣ ለስላሳው 6000 ያለሰልሰዋል። አዲስ ድንጋይ ደግሞ ሜዳ ይመስላል እንጂ ሜዳ አይደለም። ፊቱ ላይ በእርሳስ መስመር አሰመርኩ። መስታወት ላይ ብርጭቆ ወረቀት ዘርግቼ ድንጋዩን አሸሁት። መሀሉ ላይ ያለው መስመር አልጠፋ አለ። ጎድጓዳ ነበር ማለት ነው። መስመሩ ከዳር እስከ ዳር እስኪጠፋ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ማዕድ ቤቱ ጭቃ በጭቃ ሆነ።

ጀርባው እንዳይበላ ናስትሮ ለጠፍኩበት። የምላጩን አፍ በጥቁር ማርከር ቀባሁ። ይህ ዘዴ ድንቅ ነው፤ ድንጋዩ የነካው ቦታ ቀለሙ ይለቃል፣ ያልነካው ጥቁር ሆኖ ይቀራል። አሥር ጊዜ ወዲያና ወዲህ አደረግኩ። አፉን አስቀድሜ፣ ቅቤ ከላዩ እንደምገፍፍ አድርጌ። ድንጋዩ ከምላጩ ርዝመት ስለሚጠብ በሰያፍ ነው የምስበው። ቀለሙን አየሁ። አንዳንድ ቦታ ለቋል። ትክክለኛው የስለቱ ጠርዝ ላይ ግን ቀጭን ጥቁር መስመር ቁጭ ብሏል።

ስለዚህ ተጫንኩ። አሁንም አለ። በደንብ ተጫንኩ። አሁንም አለ። እንዲህ እያልኩ ሦስት ምሽት። ልፋ ያለው በሕልሙ ዳውላ ይሸከማል የተባለው ለኔ ነው። ትከሻዬ ዛለ፣ ናስትሮው ሁለቴ ተበጣጠሰ፣ ምላጩ ግን የክንዴን ፀጉር እንኳ አጎንብሶ ያልፈዋል። ምላጭ ቢያብጥ በምን ይበጡ ይባል የለ? እኔ ምላጭ የሚስል ምላጭ ፈለግኩ።

በሦስተኛው ምሽት አባዬ ደወለ። ስለ ጤና፣ ስለ ብርድ፣ ስለ ዶላር አወራን። ከዚያ ነገርኩት። ረጅም ሳቅ ሳቀ። "ጺምህን ነው ጣትህን ልትላጭ?" አለኝ።

"አባዬ፣ ያ የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ እንዴት ነበር የሚያደርገው? ታስታውሳለህ?"

"ምኑን?"

"ምላጩን ሲስል። በጣም ይጫነው ነበር?"

"ኧረ መቼ ተጭኖ! ቆዳውን በያዘበት እጁ ጣቶቹ መሀል ሲጋራ ነበረች እኮ። አመዷ ይህን ታህል አድጋ እንኳ አትረግፍም ነበር።"

ዘጋሁና ማዕድ ቤቱ ውስጥ ትንሽ ቆምኩ። አመዷ አትረግፍም ነበር።

ምስጢሩ ከዚያ ስስነቱ ላይ ነው። ስጫነው አፉ እንደ ቅጠል ወደ ላይ ይለመጣል። ድንጋዩ የሚበላው ናስትሮውንና ከጠርዙ በላይ ያለውን ብረት ነው፣ ጠርዙ ራሱ አየር ላይ ተንሳፍፏል። ሦስት ምሽት አየር ስስል ነበር። እንደገና ቀባሁት። ድንጋዩን በደንብ አራስኩት። በሁለት ጣት ብቻ አንገቱን ይዤ፣ ክብደቱን ለራሱ ትቼ ሳብኩ። ድምፁ ተለወጠ። ፊት "ክርርር" ይል የነበረው "ሽሽሽ" አለ። ከሃያ ያህል ምልልስ በኋላ ጥቁሩ መስመር ከዳር እስከ ዳር ጠፋ። ብቻዬን ማዕድ ቤት ውስጥ እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ሌላም የተማርኩት ነገር አለ። መብራት ስር አፉን ወደ ላይ አድርጎ ማየት። የሰላ አፍ ብርሃን አይመልስም፣ ጥቁር ሆኖ ነው የሚታየው። የሚያብረቀርቅ ነጥብ ካለ እዚያ ቦታ ዶልዱሟል ወይም ተሸርፏል ማለት ነው። የኔው ሁለት ሽራፊ ነበረው። አንዱ 1000 ቁጥሩ ላይ ቀስ በቀስ ጠፋ። ሌላው እጀታው አጠገብ ነው፣ ፊቴን አይነካምና ትቼዋለሁ።

የሚሸርፈው ደግሞ የገዛ ጺማችን ነው። ፀጉር ከብረት በ50 እጥፍ ያህል ይለሰልሳል፣ ግን ብረቱን ይጎዳዋል። በ2020 አሜሪካ ያሉ የኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተመልክተውት ነበር። ፀጉሩ ሲቆረጥ ይጎብጣል፣ ስለቱን ወደ ጎን ይገፋዋል፣ ብረቱ ወጥ ያልሆነበት ቦታ ላይ ከጠርዙ ቅንጣት ይዞ ይሄዳል። ጺምን በሙቅ ውሃ ማራስ ለቆዳችን ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ለምላጩም ነው።

ከ6000ው በኋላ ቆዳው ቀረ። ሠላሳ አምስት ዩሮ ነው የገዛሁት፤ አንዱ ወገን ሸራ፣ ሌላው ወገን ቆዳ። ሸራው ላይ ክሮሚየም ኦክሳይድ የሚባለውን አረንጓዴ የስለት ማለስለሻ ስስ አድርጌ ቀባሁ። ድንጋይ ላይ አፉ ይቀድማል። ቆዳ ላይ ግን ጀርባው ነው የሚቀድመው፣ አፉ ይከተላል። ዳር ሲደርሱ ምላጩ በጀርባው ላይ ይገለበጣል እንጂ በአፉ አይደለም። ይህን ሁሉ በቃሌ አውቀው ነበር። በሁለተኛው ቀን ግን እየፈጠንኩ፣ ያን የፀጉር ቤት ድምፅ ላወጣ እየሞከርኩ፣ በአፉ በኩል ገለበጥኩት። የሠላሳ አምስት ዩሮ ቆዳ ላይ እንደ ፈገግታ የተከፈተ ቁስል። ሙጫ ቀብቼ በብርጭቆ ወረቀት አስተካከልኩት። ጠባሳው አለ። ምላጩ ባለፈበት ቁጥር ትንሽ "ጢቅ" ይላል።

ሰዎች ምላጩን አንድ ፀጉር አንጠልጥለው ይፈትኑታል። የኔ ፀጉር ሲያንጠለጥሉት እንደ ሽቦ ይጠቀለላል፣ ለዚህ አይመችም። የክንዴን ፀጉር ቆዳውን ሳልነካ ከላይ ከላይ ሞከርኩ። ጥቂት ጫፎች ብን ብለው ወደቁ። በቃኝ።

ዛሬ ጠዋት ነው እንግዲህ። ሙቅ ፎጣ፣ ሳሙና፣ ብሩሽ። የቀኝ ጉንጬን ቆዳ በግራ እጄ ወደ ላይ ወጠርኩ። ምላጩን ወደ 30 ዲግሪ አጋደልኩት። እጄ ተንቀጠቀጠ። ቆየሁ። ከጆሮዬ ስር ጀምሬ አንድ ጊዜ ወደ ታች ሳብኩ። አልጎተተኝም። የሚሰማው ደረቅ ሣር የሚታጨድ የመሰለ ድምፅ ብቻ ነው። አገጬ ጋ ስደርስ ተውኩት። አገጭ ገና ነው። አንገቴንም አልነካሁትም፣ ይህን ሁሉ ያመጣው እሱ ቢሆንም። አጥቤ፣ አድርቄ፣ ዘይት ነክቼ ሳሎን መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። መታጠቢያ ቤቱ እርጥበት አለው፣ ዝገቱ እንዲመለስ አልፈልግም።

ማታ አባዬ ጋ ደወልኩ። "እስቲ ስማኝ" አልኩና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ከቆዳው አጠገብ አስቀመጥኩ። ቆዳውን በሩ እጀታ ላይ አስሬ ወጥሬዋለሁ። ሃያ ጊዜ ያህል አመላለስኩት። ሽው ጢቅ፣ ሽው ጢቅ።

ስልኩን አነሳሁ። "እህስ?"

"እንደሱ ነው" አለ። ከዚያ ትንሽ ዝም ብሎ፣ "ቸኩለሃል ግን። እሱ በመሀል ጨዋታ ያወራ ነበር።"