መረሬ ላይ ሲደም ማልመድ

ዘንድሮ ሲደሞቼ ክረምቱን በሰላም ወጡ። መስከረም ላይ ልጽፍ ነበር፤ ዝናቡ መለስ ቀለስ ሲል ግን ትንሽ ልጠብቅ ብዬ ተውኩት። አሁን ጥቅምት ገብቷል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ተክሉም መሬቱን ይዟል። በጣም ነው ደስ ያለኝ። በተለይ በቦሌና በአቃቂ በኩል ጥቁር መሬት (መረሬ) ላይ ለምትኖሩ፣ ይህን ተክል ሞክራችሁ ተስፋ ለቆረጣችሁ፣ የሠራልኝን ላካፍላችሁ።

ሲደም መሬት ለመሬት የሚሳብ፣ ቅጠሉ ውሃ የቋጠረ ተክል ነው። ከእኛው እንዳሁላ ጋር ቤተሰቡ አንድ ነው። ዓይነቱ ብዙ ነው፤ እኔ ጋ ያሉት ሁለት ናቸው። አንደኛው አንጀሊና የሚባለው ነው። ቅጠሉ ቀጭንና ቢጫ ነው፤ ብርድ ሲነካው ወደ ብርቱካንማ ያደላል። ሁለተኛው ቅጠሉ ጠፍጠፍ ያለ፣ ጠርዙ ቀላ የሚል ነው። በግቢዬ ካሉት ሁሉ አንጀሊናን የሚያህልብኝ የለም።

አጀማመሩ ቀላል ነበር። መንገድ ዳር ችግኝ ከሚሸጡ ልጆች ገዛሁ፣ በረንዳ ላይ በፖት አራባሁት። በፖት ማንም ያራባዋል። ጣጣው የመጣው መሬት ላይ ላዛምተው ስል ነው። በጋውን አማረበት። አምና ሐምሌ ሲገባ ግን ከመሀሉ ጀምሮ መበስበስ ያዘ።

መበስበሱ እንዴት እንደሚጀምር ማወቅ ይጠቅማል፤ ቶሎ ካዩት የሚተርፍ ነገር አለና። መጀመሪያ የሚታየው ቅጠሉ ላይ ነው። መልኩ ይደበዝዝና ውሃ ያዘለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ይሆናል። ሲነኩት ያለ ምንም ትግል ይረግፋል። ከዚያ ግንዱን አፈሩ ጋ በሁለት ጣት ጫን ስታደርጉት ልጣጩ ይንሸራተታል፤ ውስጡ ጥቁር ቀጭን ክር ብቻ ይቀራል። የቆየ ውሃ ሽታም አለው። እዚህ የደረሰውን ክፍል ማዳን አይቻልም። ጫፉ ጠንካራ ከሆነ ግን ከላይ ቆርጦ ማትረፍ ይቻላል። ዘንድሮ ግቢዬን የሞላው ሁሉ አምና በዚህ መንገድ ካተረፍኳቸው ጫፎች የመጣ ነው።

ሰው ሁሉ ዝናቡን ይወቅሳል። ዋናው ችግር ግን መሬቱ ነው። መረሬ ሲረጥብ ያብጣል፣ ቀዳዳው ይደፈናል፣ ውሃው ወደ ታች አይሰርግም። ሲደርቅ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይወጣዋል። አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው ዝናብ ከግማሽ በላዩ የሚወርደው ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው። በዚህ ጊዜ ሥሩ ለሳምንታት አየር አያገኝም። ሲደም ደግሞ ውሃ ለመቆጠብ የተፈጠረ ተክል ነው። ውሃ ሲያጥረው ቀን የቅጠሉን ቀዳዳዎች ዘግቶ ይውላል፤ አየር የሚያስገባው ማታ ነው። የሚጠጣው ጥቂት ነው፣ ያንኑም ይቋጥረዋል። እንዲህ ያለውን ተክል ውሃ በተኛበት ጭቃ ውስጥ ማቆየት ሥሩን አፍኖ መግደል ነው።

እዚህ ላይ የሚሰጥ አንድ ምክር አለ። «ጉድጓድ ቆፍር፣ ከሥሩ ጠጠር አድርግ፣ ውሃው ይሰርጋል» ይባላል። ቀይ አፈር ላይ ይሠራ ይሆናል፤ መረሬ ላይ ግን አይሠራም፣ እንዲያውም ይጎዳል። መረሬ ውስጥ የተቆፈረ ጉድጓድ ገንዳ ነው። ዙሪያው የማያሳልፍ ስለሆነ የግቢው ውሃ ወደ ጠጠሩ ይሰበሰብና እዚያው ይተኛል። ካላመናችሁ ሞክሩት። ነሐሴ ላይ አንድ ክንድ ያህል ቆፍሩና ውሃ ሙሉበት። በማግስቱ ውሃው ካለ፣ እዚያ ቦታ ላይ ወደ ታች መቆፈሩን እርሱት።

መፍትሔው ወደ ላይ ከፍ ማድረግ ነው። የመረሬ አገር ገበሬ ይህን ድሮ ነው ያወቀው። ሰሜን ሸዋ እነዋሪ አካባቢ ገበሬዎች ማሳቸውን በእጃቸው ሰፋ ሰፋ ባለ መደብ ከፍ አድርገው፣ በመደቦቹ መሀል ቦይ አውጥተው ውሃውን ያጠነፍፋሉ። እኔም ለአበባ ያንኑ ነው ያደረግኩት። መደቤ ከመሬቱ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ከፍ ያለ ነው፤ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ይላል፣ ከግርጌው ጠባብ ቦይ አለው። ቦዩ የግድ መውጫ ያስፈልገዋል። መውጫ ከሌለው ውሃው ያው ተመልሶ እዚያው ይተኛል።

መደቡን የሞላሁት በሬድ አሽ ነው። ስለ ሬድ አሽ ብዙ ማለት እችላለሁ። ከቢሾፍቱ አካባቢ ኮረብቶች እየተቆፈረ የሚመጣ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ መንገድ ላይና ግቢ ውስጥ ሲደለደል ሁላችሁም አይታችሁታል። ቀላል ነው። አንድ ፍሬ አንስታችሁ ብትሰብሩት ውስጡ በሙሉ ትንንሽ ቀዳዳ ነው። ትንሽ እርጥበት ይይዛል፣ የቀረውን ይለቃል፣ በቀዳዳዎቹ አየር ይገባል። በጀርመን አገር ጣሪያ ላይ ሲደም ሲያለሙ 10 ሴንቲሜትር ገደማ ውፍረት ባለው ድልዳል ላይ ነው የሚተክሉት፤ ለዚያም ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙት ይህንኑ የመሰለ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ነው። እኛ ጋ ቤት ሠርቶ የጨረሰ ጎረቤት ሁሉ የተረፈው ክምር አለው። ሁለትና ሦስት የማዳበሪያ ከረጢት ሙሉ ለምኖ መውሰድ ይቻላል።

ግን እንደመጣ አይጠቀሙበትም። በአሸዋ ወንፊት መንፋት ያስፈልጋል። ዱቄቱ ከቀረበት ከዝናብ ጋር ወርዶ ቀዳዳውን ይደፍነዋል፣ ልፋታችሁም ከንቱ ይቀራል። እኔ የማስቀረው ከሽምብራ ፍሬ የማያንሰውን፣ ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጠውን ነው። ሁለት እጅ ሬድ አሽ፣ አንድ እጅ ተራ የግቢ አፈር እቀላቅላለሁ። አፈሩ ደርቆና ደቅቆ መሆን አለበት። እርጥብ መረሬ ከምንም ጋር አይቀላቀልም፣ ይድቦለቦላል።

ፍግ አልጨምርም። የጫካ አፈርም አልጨምርም። ችግኝ ሻጮች ለሁሉም ተክል የጫካ አፈር ይመክራሉ፤ ለጽጌረዳ ጥሩ ነው፣ ለሲደም አይሆንም። ውሃ ይይዛል፣ ተክሉንም ያለልክ ያወፍረዋል። የወፈረ ሲደም ግንዱ ልፍስፍስ ይልና ከመሀሉ ይከፈታል። ሲደም ችጋር የሚወድ ተክል ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ወደ ማዛወሩ ልምጣ። እኛ ችግኝ በክረምት መትከል ለምደናል፤ ለዛፍ ትክክል ነው። ሲደምን ግን በሐምሌ አትንኩት። ሥሩ ሲነቀል ይቆስላል፣ ቁስሉ ሳይደርቅ ጭቃ ከገባ ይበሰብሳል። ጊዜው አሁን ነው፤ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት። መሬቱ ገና እርጥበት አለው፣ ዝናቡ ቆሟል፣ ውርጩም ገና ነው።

ሥሩ ጥልቅ ስላልሆነ ዶማ አያስፈልግም። እኔ የምጠቀመው በአሮጌ የወጥ ቤት ሹካ ነው። ከጎን አስገብቼ ቀስ ብዬ ከፍ ሳደርገው ከነአፈሩ ተያይዞ ይነሳል። መዳፍ በሚያህል መጠን እከፍለዋለሁ፤ በመቀስ ሳይሆን በእጅ፣ ራሱ በሚላቀቅበት በኩል። እዚህ ላይ ግንዱን ገልብጣችሁ እዩት። ቅጠል የወጣበት መጋጠሚያ ሁሉ ላይ ነጫጭ ቀጫጭን ሥሮች አሉ፤ አንዳንዶቹ ገና አፈር አልነኩም። ተክሉ የሚዛመተው በእነሱ ነው። ስለዚህ ሲተከል ግንዱን ማስተኛትና መጋጠሚያዎቹ ጠጠሩን እንዲነኩ ማድረግ ነው። መቅበር አያስፈልግም። በመዳፍ ጫን ማድረግ ይበቃል። በመሀላቸው አንድ ስንዝር እተዋለሁ፤ በራሳቸው ይገናኛሉ።

ከተተከለ በኋላ ውሃ አይጠጣም። ሁለት ሦስት ቀን ይቆይ፣ ቁስሉ ይድረቅ። ይህን ስናገር ሰዎች አይቀበሉኝም፤ ግን ዋናው ነገር እሱ ነው። ከዚያ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሥር ከያዘ በኋላ ከዚያም ባነሰ። አትክልተኛ ካላችሁ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ጠዋት ጠዋት ጎማ ይዞ ሁሉንም እኩል ማጠጣት ልማድ ነው፣ ሲደም ደግሞ በዚያ ይሞታል። ከጥላ የመጣ ተክል ከሆነ መጀመሪያ ሳምንት ላይ ደረቅ ሣር ጣል አድርጉበት። አብዛኛው አዲስ አበባ ከ2,200 ሜትር በላይ ነው፣ የጥቅምት ፀሐይ ቅጠሉን ያቃጥለዋል።

ዶሮ ካላችሁ አጥሩት። አዲስ የተተከለውን ጭረው ነው የሚያወጡት። እሾሃማ ጭራሮ ብትደረድሩበት ይበቃል።

ያልተፈታልኝ ነገር ቀንድ አውጣ ነው። በክረምት ማታ ማታ ይወጣና ጠፍጣፋ ቅጠል ያለውን ይመርጣል፤ አንጀሊናን ብዙም አይነካትም። አመድ ነስንሼ ነበር፣ ዝናብ ሲጥል ታጥቦ ይሄዳል። በባትሪ እየለቀምኩ ነው የከረምኩት፣ እሱም አድካሚ ነው። ከቤቱ ጀርባም ቀኑን ሙሉ ጥላ የሆነ ቦታ አለ፤ ከጣሪያው ጠርዝ ውሃ ይንጠባጠብበታል። እዚያ ያለው ሲደም ብርሃን ፍለጋ ይመዘዛል፣ ቅጠሉም ይራራቃል። እዚያ ቦታ ሲደም መትከሉን ትቼዋለሁ፣ ለጥላ የሚሆን ሌላ ተክል ልፈልግለት ነው። ሞክራችሁ የሠራላችሁ ካለ ንገሩኝ። ቀንድ አውጣውንም በክረምት ያለ መድኃኒት የተቆጣጠረ ሰው ካለ እንዴት እንዳደረገው መስማት እፈልጋለሁ። የአንጀሊና ቁራጭ የሚፈልግ ደግሞ ጥቅምት ሳያልቅ ይምጣ፣ የሚካፈል አለኝ።