ሶላር ከማስገባቴ በፊት፦ ከሚኒያፖሊስ ሁለተኛው ማስታወሻዬ

ባለፈው እዚህ ሚኒሶታ፣ አሜሪካ፣ ቤታችን ጣሪያ ላይ ሶላር ላስገባ እንዳሰብኩ ስነግራችሁ ብዙዎቻችሁ «በዚያ ብርድ?» ብላችሁኝ ነበር። እኔንም ሲያመነታኝ የከረመው እሱ ነው። አሁን ብርዱን ትቼዋለሁ። ሐሳቤን ሁሉ የወሰደው ጥላ ነው።

ፓኔል የሚፈልገው ብርሃን እንጂ ሙቀት አይደለም። ጀርባው ላይ የተጻፈው ዋት የተለካው ፓኔሉ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ሳለ ነው። ከዚያ በላይ ሲሞቅ በየዲግሪው 0.35 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ሲቀዘቅዝ በዚያው ልክ ይጨምራል። ዜሮ ዲግሪ ላይ ሆኖ ጥሩ ፀሐይ ካገኘ 9 በመቶ ያህል ትርፍ አለው ማለት ነው። ግን ቮልቴጁም አብሮ ይጨምራል። ስለዚህ ኢንቨርተር (የፓኔሉን ኤሌክትሪክ ለቤት ወደሚሆነው የሚቀይረውን መሣሪያ) ስትመርጡ ከሚችለው ቮልቴጅ እንዳያልፍ ያካባቢያችሁን ከባዱን ብርድ አስቡ።

ወደ ጥላው ልመለስ። ዲሴምበር 21፣ ልክ እኩለ ቀን እንዳለፈ፣ ጓሯችን በረዶ ላይ አንድ ሜትር ዱላ ተከልኩ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ጥላው በረዶው ላይ ሰማያዊ ሆኖ ተጋደመ። ልጄ የሜትሩን ጫፍ ያዘችልኝ፣ ለካነው፦ ሁለት ሜትር ተኩል! በዚያው ቀን አዲስ አበባ ብንሆን 65 ሳንቲም እንኳ አይሞላም። እዚህ ፀሐይዋ ከአድማስ 22 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው ከፍ የምትለው።

እንግዲህ የጎረቤታችን ጥድ 10 ሜትር ገደማ ነው። ጥላው 25 ሜትር ይሄዳል ማለት ነው፤ ዓይኔ እያየ የጣሪያውን ታችኛ ግማሽ እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት ሸፍኖት ቆየ። በጋ ላይ መጥቶ ግምት የሰጠን ባለሙያ ስለዚህ ዛፍ አንድም ቃል አልጻፈም። አልፈርድበትም፤ ጁን ላይ የዛፉ ጥላ 4 ሜትር ብቻ ነው፣ ጣሪያችን ጋ አይደርስም።

ከዚያ ፒቪዋትስ ላይ ገባሁ። የአሜሪካ መንግሥት ላብራቶሪ ያዘጋጀው ነጻ ማስሊያ ነው። አድራሻ፣ የጣሪያውን ተዳፋትና አቅጣጫ ታስገባላችሁ፣ በየወሩ የሚመነጨውን ይነግራችኋል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ የብክነቱን ዝርዝር ክፈቱት። ካልነካችሁት ለጥላ 3 በመቶ፣ ለበረዶ ደግሞ ዜሮ ነው የሚይዘው። ሚኒሶታ ውስጥ በረዶ ዜሮ! ሁለቱንም አስተካክዬ ሳሰላ የዓመቱ ድምር ቀነሰ፣ ግን እንደፈራሁት አልወደቀም። ዲሴምበር ድሮም ከጁላይ ግማሽ አይሞላም፤ ዋናው ምርት የሚገኘው ጥላው አጭር በሆነባቸው ወራት ነው። የበጋው ትርፍም ወደ ኤሌክትሪክ ኩባንያው መስመር ገብቶ ከቢላችን ላይ ይታሰብልናል።

ስለዚህ ፓኔሎቹን ቁጥራቸውን ቀንሼ ላይኛው ግማሽ ላይ ብቻ ላደርጋቸው ነው። ዛፉን ማስቆረጥ የሚባለውን አልፈልግም፤ ጎረቤታችን አዛውንት ናቸው፣ ይወዱታል። ማርች 20 ዱላውን እዚያው ቦታ እተክልና የለካሁትን አመጣላችኋለሁ።