«የተዳቀለ ነው ብላችሁ አልነበረም እንዴ?»

ወደ ደብረ ብርሃን ተዛውሬ በአንድ የችግኝ ጣቢያ የፍራፍሬ ባለሙያ ሆኜ ስጀምር፣ በሸዋ ሮቢት ቆላ ከማንጎ ጋር ያሳለፍኳቸው ዓመታት በቂ ስንቅ ይሆኑኛል ብዬ አምን ነበር። ከጥሩ እናት ዛፍ ቀንበጥ ቆርጦ ማንጎን ማዳቀል፣ ችግኙን ለገበሬ መስጠት፣ ገበሬውም ያችኑ አንዲት ዛፍ በጓሮው ተክሎ ጊዜው ሲደርስ ፍሬ መልቀም ለእኔ የዘወትር ሥራ ነበር። አንድ የማንጎ አበባ ዘለላ ወንዴ ብቻ የሆኑ አበቦችንና ወንዴም ሴቴም አካል ያላቸውን አበቦች አንድ ላይ ስለሚይዝ፣ ብቻዋን የቆመች ዛፍም ብዙ ጊዜ ታፈራለች። ይህን ልማድ ይዤ ነው ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ወጥቼ አፕል ማባዛት የጀመርኩት።

በጣቢያችን ሁለት የአፕል ዝርያዎች ነበሩን። አንደኛው ከእስራኤል የተገኘው ቀይ ፊት ያለው አና ሲሆን፣ ሁለተኛው መነሻው ባሃማስ የሆነው ቢጫው ዶርሴት ጎልደን ነው። ሁለቱም ብርድ በብዛት የማይሹ ዝርያዎች በመሆናቸው፣ እውነተኛ ክረምት በሌለበት ደጋ ቅጠላቸው በእጅ እየተመለመለ እንዲያብቡ ማድረግ ይቻላል። ችግኝ ሊወስዱ የሚመጡ ሰዎች ግን የሚጠይቁት ቀዩን ብቻ ነበር። እኔም ቢጫውን ማባዛት የድካምና የቦታ ብክነት መስሎ ስለታየኝ፣ ለሁለት ዓመት ያህል የአናን ቀንበጥ ብቻ እንድንጠቀም አደረግሁ። ውሳኔው የእኔው ነበር፤ ማንም አላዘዘኝም።

በሦስተኛው ዓመት ጥር ወር መጨረሻ ላይ፣ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ዳር ከሚኖሩ አንዲት እናት ዘንድ መልእክት ደረሰኝ። የተከሉት 12 ዛፍ አምሮ አብቦ አበባው ሁሉ መሬት ላይ እየረገፈ መሆኑን፣ ጎረቤቶቻቸውም ያው ችግር እንደገጠማቸው ነበር የሚናገረው። ገና ከቢሮ ሳልወጣ መልሱን በልቤ ይዤ ነበር፦ ውርጭ ነው። የደብረ ብርሃንን የሌሊት ቅዝቃዜ የሚያውቅ ሰው ሌላ ምክንያት ሊያስብ አይችልም።

ግቢያቸው ስደርስ ያየሁት ከዚህ የተለየ ነበር። ውርጭ የመታው የአፕል አበባ ቅጠሎቹ ደህና ቢመስሉም እንኳ መሐሉ ሲፈለቀቅ ሴቴው አካል ጠቁሮ ይገኛል። ከዛፎቹ ሥር ጎንበስ ብዬ የረገፉትን አበቦች አንድ በአንድ ብፈለቅቃቸው መሐላቸው አረንጓዴና ጤነኛ ነበር፤ ከነአጭር አገዳቸው እየተለቀቁ ነው የወደቁት። ባለፈው ዓመት ከተረፉት ጥቂት ፍሬዎች ሁለቱን እማማ ከጓዳ አምጥተው ሰጡኝ። አንዱ ጎን ሞልቶ ሌላው ጎን የሰረጎደ፣ የተጨማደደ ፍሬ ነው። አንዱን በወርዱ ከፈልኩት። የአፕል ፍሬ በወርዱ ሲቆረጥ መሐሉ ላይ አንድ ላይ የኮከብ ቅርጽ የሚሠሩ አምስት ጓዳዎች ይታያሉ፤ በእያንዳንዱም ብዙውን ጊዜ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ እስከ 10 ዘር ሊኖር ይችላል። በእጄ በያዝኩት ፍሬ ውስጥ የነበሩት ሁለት ዘሮች ብቻ ሲሆኑ፣ ሁለቱም በሞላው ጎን ነበሩ። የሰረጎደው ጎን ጓዳዎች ባዶ ናቸው። ዘር ባለበት በኩል ሥጋው ያድጋል፤ ዘር በሌለበት በኩል ይቀራል። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ፤ ፊቴም የጋለው።

ዛፎቹ አልተራከቡም ነበር፤ ማለትም የሌላ ዝርያ ብናኝ (የአበባው ወንዴ አካል የሚሰጠው ዱቄት) አልደረሳቸውም። ብናኝ በአበባ ላይ ማረፉ ብቻውን ፍሬ አያመጣም። በሚያጣብቀው የሴቴው ጫፍ ላይ ያረፈ ብናኝ በቅሎ እንደ ክር ቀጭን ቱቦ ወደ ታች ይዘረጋል፤ በዚያ ቱቦ ውስጥ ሁለት የወንዴ ሕዋሳት ይወርዳሉ፤ አንዱ ከእንቁላሉ ጋር ተዋሕዶ ጽንሱን ሲሠራ፣ ሁለተኛው ለጽንሱ ስንቅ የሚሆነውን ክፍል ይመሠርታል። ይህን ጥንድ ጽንሰት ሩሲያዊው ሰርጌይ ናቫሺን በ1898 ገለጠው። አፕል ግን የራሱን ብናኝ ለይቶ ያውቃል። ከራሱ ወይም ከአምሳያው የመጣ ብናኝ ቱቦውን ቢጀምርም እንኳ መንገድ ላይ ይገታል። አና ከሌሎች አፕሎች ይልቅ በራሱ ብናኝ ትንሽ ትንሽ ሊያፈራ ቢችልም፣ ወግ ያለው ምርት የሚሰጠው አብሮት የሚያብብ ሌላ ዝርያ ሲኖር ነው። የእማማ 12 ዛፎች ደግሞ ለዓይን 12 ይሁኑ እንጂ፣ ሁሉም ከአንድ እናት ዛፍ በተቆረጠ ቀንበጥ የመጡ በመሆናቸው በባሕርያቸው አንድ ዛፍ ናቸው። የጎረቤቶቻቸውም እንዲሁ።

ይህን ለማስረዳት ስሞክር እማማ አቋረጡኝ። «ልጄ፣ የተዳቀለ ነው ብላችሁ አልነበረም እንዴ የሰጣችሁን? ከተዳቀለ በኋላ ደግሞ ሌላ ምን ማዳቀል ያስፈልገዋል?»

መልስ አጣሁ። ጥያቄያቸው ትክክል ነበር። እኛ በጣቢያው አንድን ቀንበጥ በሌላ ችግኝ ግንድ ላይ ማያያዝን «ማዳቀል» እንለዋለን፤ ላምን ከሌላ ዝርያ ኮርማ ማስጠቃትንም፣ ሁለት የስንዴ ዝርያዎችን አበባ ለአበባ ማገናኘትንም በዚሁ ቃል እንጠራለን። ሥራዎቹ ግን የተለያዩ ናቸው። ቀንበጥና ግንድ ሲያያዙ ከቅርፊቱ ሥር ያለው አረንጓዴ ስስ ሽፋን ከአቻው ጋር ገጥሞ ውሃና ምግብ ይተላለፋል እንጂ ሁለቱ አይዋለዱም። ሥሩ ሥር ሆኖ ይኖራል፣ ቀንበጡም እናቱን እንደመሰለ ይቀጥላል። ገበሬው «የተዳቀለ» ሲባል ሁለት ዘር የተቀላቀለበት፣ ሌላ አጋር የማያሻው ተክል እንደሆነ ቢረዳ ምን ጥፋት አለበት? እኔም ራሴ ቃሉን ስደጋግመው፣ የርክበ ብናኙን ጉዳይ ያለቀለት ነገር አድርጌ ማሰቤን ያወቅሁት እዚያ ግቢ ውስጥ ቆሜ ነው።

እንደገና ለማስረዳት ድንችን አነሳሁ፤ ከአንድ ድንች ተቆራርጦ የተተከለ ማሳ ሁሉ ያው አንድ ድንች እንደሆነ አልኩ። «ገብሱስ? ገብስ ብቻውን አይደል የሚያፈራው?» አሉኝ። ገብስ በአብዛኛው አበባው ሳይከፈት ውስጥ ለውስጥ ራሱን በራሱ እንደሚያራክብ ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ከግቢው በላይ ወዳለው ተዳፋት እየጠቆሙ፣ «እንግዲያው እንደ ኮሶው ነው በለኛ» አሉ። የኮሶ ዛፍ ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ይቆማሉ፤ ለመድኃኒት የሚፈለገው ቀላ ያለው የሴቷ አበባ እንደሆነ የደጋው ሰው ከጥንት ያውቀዋል። አፕል በአንድ አበባ ሁለቱንም አካል ስለሚይዝ ምሳሌው ሙሉ በሙሉ አይገጥምም፤ ነገር ግን «ብቻውን አይሆንለትም» የሚለውን ከእኔ የግማሽ ሰዓት ንግግር ይልቅ ኮሶው አስረዳላቸው።

በነጋታው በከተማው አንድ ግቢ ውስጥ ያብብ ከነበረ ዶርሴት ጎልደን፣ ባለቤቱን አስፈቅጄ፣ እምቡጥና አበባ የያዙ ቅርንጫፎች ቆርጬ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ መጣሁ። አፋቸው የተቆረጠ ጀሪካኖችን ውሃ ሞልተን ቅርንጫፎቹን በዛፎቹ መካከል አቆምን። የእማማ ንቦች በዚያ ብርድ ከቀፏቸው የሚወጡት ረፋዱ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ነበር፤ ከወጡ በኋላ ግን ከጀሪካኑ ወደ ዛፉ፣ ከዛፉ ወደ ጀሪካኑ ሲመላለሱ ቁጭ ብለን አየን።

በንቦቹ ብቻ መተማመን ስላልፈለግሁ፣ ደግሞም እማማ በዓይናቸው እንዲያዩት ስለሻትኩ፣ በአንድ ዛፍ ላይ ገና ሊከፈቱ የተቃረቡ እምቡጦች ያሏቸውን ሁለት ቅርንጫፎች መረጥኩ። ውጪው ሐምራዊ የቀላቀለበት፣ ውስጡ ነጭ የሆነ አበባ ነው፤ 20 ያህል ወንዴ አካላት ክብ ሠርተው ይቆማሉ፣ በመሐላቸው አምስቱ የሴቴ ጫፎች አሉ። በቀይ ክር ባሰርኩት ቅርንጫፍ ላይ በዶሮ ላባ የዶርሴቱን ብናኝ ቀባሁ፤ በነጭ ክር ባሰርኩት ላይ ግን የዚያኑ የአናን ብናኝ። ንብ እንዳይደርስባቸው ሁለቱንም ከአሮጌ ነጠላ በተቀደደ ጨርቅ ሸፈንናቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ስመለስ እማማ ጨርቁን ራሳቸው ፈቱት። ነጭ ክር ባለበት አንዲት ፍሬ ብቻ ቀርታ ነበር፤ እሷንም ገና በጣት ሲነኳት ወደቀች። በቀዩ ክር በኩል ሰባት ፍሬዎች አበጥ አበጥ ብለው ቅርንጫፉን ይዘዋል።

ጀሪካን ግን የአንድ ሰሞን መፍትሔ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ዛፎቹ በተኙበት ጊዜ ወደ እማማም ሆነ ወደ ጎረቤቶቻቸው እየዞርን በየሦስተኛው ዛፍ አንድ ቅርንጫፍ ቆርጠን የዶርሴት ቀንበጥ ቀጠልንበት፤ ቅርንጫፉ በስህተት እንዳይገረዝም ነጭ ቀለም ቀባነው። በጣቢያውም ለአንድ ሰው አንድ ዝርያ ብቻ መስጠት ቀረ፤ ቀይ ብቻ የሚል ካለ ምክንያቱ ይነገረዋል። «ማዳቀል» የሚለውን ቃል ለአበባ ሥራ ትተን፣ የቀንበጡን ሥራ «መቀጠል»፣ ችግኙንም «የተቀጠለ» ማለት ጀምረናል። ባልደረቦቼ መጀመሪያ ላይ ለአፋቸው ከብዷቸው ነበር፤ አሁን ለምደውታል።

የተቀጠለው ቅርንጫፍ ባበበበት ዓመት ሰኔ ላይ እማማ ዘንድ ስሄድ አንድ ሙሉ ክብ አፕል አቀረቡልኝና በወርዱ እንድከፍለው አዘዙኝ። ስምንት ዘር ነበረው። ሁሉንም ለቅመው በጨርቅ ቋጠሩ። ከዘር የሚበቅል አፕል እናቱን እንደማይመስል፣ ፍሬውም መራራ ወይም ደቃቃ ሊሆን እንደሚችል፣ ለዚያ ነው ቀንበጥ የምንቀጥለው ስላቸው፣ «አውቃለሁ፣ ነግረኸኛል፤ የእነዚህ የሁለቱ ልጅ ምን እንደሚመስል ግን ማየት እፈልጋለሁ» አሉ። የአፕል ዘር ቶሎ እንዲበቅል አስቀድሞ ለሳምንታት እርጥብና ብርድ ስለሚሻ፣ ዘሩን በእርጥብ አሸዋ ውስጥ አድርገው ፀሐይ በማይደርስበት የቤቱ ጀርባ ግድግዳ ሥር እንዲያቆዩት፣ አሸዋውም እንዳይደርቅ በየጊዜው እንዲነኩት ነግሬያቸው ተመለስኩ።