ረጅም ጉርድ ከወገብ ይጀምራል

ጥር ሲቃረብ ከዋሽንግተን፣ ከቤሩት፣ ከሪያድ ወደ ጎጃም የሚደወለው ስልክ አንድ ዓይነት ነው፤ «ለሠርግ የምለብሰው ረጅም ጉርድ አሰፉልኝ፣ ቁመቴን ታውቁት የለ?» ቁመት ለብቻው ግን ጉርድ አያሰፋም። ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ተሰፍቶ ባሕር ማዶ ሲደርስ የማያምረው ጉርድ አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸው ከጠርዙ ሳይሆን ከወገቡ ነው። ውጭ አገር ከሱቅ የሚገዛውም እንዲሁ ነው። ለረጅም ሰው የተቆረጠ ስለሆነ የዳሌው ቅርፅ ወደ ታች ወርዶ ጭን ላይ ያብጣል። ሰው ሁሉ ከሥር ያሳጥረዋል፤ እብጠቱ ግን እንዳለ ይቀራል።

የገጠር እናቶቻችን ይህን ያለ ሜትር ያውቁታል። ሰፊውን ቀሚስ ለብሰው መቀነቱን ደጋግመው ሲጠመጥሙ ወገቡ ከእምብርት ከፍ ይላል፤ ከመቀነቱ በታች ያለው ሁሉ እግር ይመስላል። ዛሬ ሱቅ ውስጥ ወገበ ከፍተኛ እየተባለ የሚሸጠው ጉርድ ከዚህ የተለየ ነገር የለውም፤ ዋጋው ካልሆነ በቀር።

ለልብስ ሰፊው ስድስት ልክ ይላካል። መጀመሪያ ወደ ጎን ዘንበል ስትዪ ሰውነትሽ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ክር እሰሪ። ወገብሽ እሱ ነው፤ ለክተሽ እስክትጨርሺ አትፍቺው። ቀጥሎ ዳሌሽን በሰፊው ቦታ ዙሪያውን ለኪ፤ ከዚያም ከክሩ እስከዚያ ሰፊ ቦታ ያለውን ርቀት። ይህን የመጨረሻውን ሰዎች አይልኩትም፤ ብዙ ጊዜ ከ18 እስከ 22 ሴንቲ ሜትር ነው፤ እብጠቱን የሚያመጣውም እሱ ሲሳሳት ነው። የቀረው ቁመት ነው፤ በዕለቱ የምታደርጊውን ጫማ አድርገሽ ከክሩ እስከ መሬት በፊት፣ በጎንና በኋላ፣ ሦስት ጊዜ ይለካል። ሆድ ወጣ ያለ ከሆነ የፊቱ፣ መቀመጫ ሞላ ያለ ከሆነ የኋላው ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። በአንድ ቁመት የተቆረጠ ጉርድ በዚያ በኩል ተነሥቶ ይቀራል። ሙሉ ቁመት ለሚፈልግ ከመሬቱ ልክ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር፣ ቁርጭምጭሚት እንዲታይ ለሚፈልግ ከ8 እስከ 10 ይቀነሳል።

ሜትሩን ደግሞ ገልብጠሽ እዪው። ብዙው በአንድ ፊቱ ኢንች፣ በሌላው ሴንቲ ሜትር ነው። በስልክ «ወገቧ 30» የተባለው 76 ሴንቲ ሜትር ማለት እንደሆነ ሞጣ ወይም ፍኖተ ሰላም ያለው ሰፊ በምን ይወቅ? ምቾት የሚሆነውን ትርፍም አንቺ አትጨምሪ። ወገብ ላይ 1 ወይም 2፣ ዳሌ ላይ ከ4 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ሰፊው ራሱ ይጨምራል። ሁለታችሁም ከጨመራችሁ ጆንያ ይሆናል። በጎን ስፌቱ ሁለት ከግማሽ፣ በጠርዙ 5 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ጨርቅ ወደ ውስጥ ታጥፎ እንዲቀር ግን ንገሪው። ውጭ አገር ጉርድ የምታሰፊበት ቦታ ቢጠፋ ያ ትርፍ ያድናል።

የሸማ ጉርድ ለብቻው ሕግ አለው። ጥለቱ ከታች ስለሆነ ረዝሞ ሲገኝ ከሥር ከተቆረጠ ውበቱ ተቆርጦ ተጣለ ማለት ነው። ውጭ አገር ያለ ሰፊ ይህን ላያውቅ ይችላል፤ ሳይጠይቅ መቀሱን ወደ ጠርዙ ይወስዳል። ሥራው ከላይ ነው፤ የወገቡ ጥብጣብ ይፈታል፣ ትርፉ ከወገብ ይቆረጣል፣ ዚፑ ወደ ታች ወርዶ ይሰፋል፣ ጥብጣቡ ይመለሳል። ከ6 ወይም ከ7 ሴንቲ ሜትር በላይ ሲቆረጥ ግን አዲሱ ወገብ ሰፊ ስለሚሆን በሽንሽን ወይም በጎን ስፌት መጥበብ አለበት። አገር ቤት ላለው ሰፊም ቢሆን «ጋሼ፣ ከላይ ነው የሚያጥረው» ማለት አይከፋም።

ሸማ ሳይታጠብ አይቆረጥም። በእጅ የተሸመነ ጥጥ ውኃ ሲነካው ይሰበሰባል፤ ከመቶው አምስት እጅ ቢሰበሰብ 100 ሴንቲ ሜትር የነበረው ጉርድ 95 ሆኖ ቁርጭምጭሚት ላይ ይቀራል። ጨርቁን ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፎ፣ ሳይጠመዝዙ አንጠፍጥፎ፣ ጥላ ላይ አድርቆ፣ ተኩሶ መቁረጥ ነው። ቀይና ጥቁር ጥለት ካለበት መጀመሪያ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ጥለቱ ላይ ጫን አድርገሽ እዪ፤ ቀለም ከለቀቀ አይዘፈዘፍም።

ሽንሽን ዳሌ ያሰፋል ይባላል። የሚያሰፋው ከወገቡ ጀምሮ ክፍት ሲተው ነው። ከወገብ ወደ ታች ከ15 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር ድረስ እጥፋቱ ተሰፍቶ ከዚያ ቢለቀቅ ዳሌው ላይ ተኝቶ ከጭን በታች ይከፈታል፤ ሰፋ ላለች ሴት ከዚህ የሚበልጥ ስፌት የለም። ጨርቁ ብዙ ይበላል፤ ሙሉ ሽንሽን የሰውነቱን ሦስት እጥፍ ስለሚፈልግ ለ100 ሴንቲ ሜትር ዳሌ ዙሪያው 3 ሜትር ይገባል። ገንዘብ ለማትረፍ በሁለት እጥፍ የተሰፋ ሽንሽን ስትቀመጪ ተከፍቶ አይመለስም። ቀጭን ሴት ግን ከላይ ጀምሮ ቢለቀቅላት ይሞላላታል።

ክሎሽ፣ ማለትም ሙሉ ክብ ሆኖ የሚቆረጠው ጉርድ፣ ለሁሉም ይሆናል። የወገቡ ክብ የሚገኘው የወገብን ልክ ለ6.28 በማካፈል ነው፤ ወገብ 75 ከሆነ ከመሐሉ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ተለክቶ ይቆረጣል። ስህተቱ የሚመጣው ጠርዙ በዚያው ቀን ሲሰፋ ነው። ክሎሽ ጨርቁ ገደድ ባለበት በኩል ይረዝማል፤ ቢያንስ አንድ ቀንና ሌሊት ተሰቅሎ አድሮ፣ ከመሬት ዙሪያውን እየተለካ ተስተካክሎ ነው የሚታጠፈው። «ለነገ አድርሱልኝ» የተባለ ክሎሽ ጎንና ጎኑ ተንጠልጥሎ የሚታየው ለዚህ ነው። ቀጥ ያለ ጠባብ ጉርድ ደግሞ ቁርጭምጭሚት ድረስ ወርዶ የጠርዙ ዙሪያ ከ110 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ቅድ ይፈልጋል፤ አለዚያ እንደ ታሰረ ፈረስ ያስረግጣል። ቅዱ ከጉልበት በታች ቢጀምር ቤተ ክርስቲያንም ያስገባል።

ከላይ የሚለበሰው አጭር ይሁን። ሸሚዝ ከሆነ ወደ ውስጥ ይግባ፤ ሹራብ ወፍራም ሆኖ አልገባ ካለ ፊቱ ብቻ ይግባና ጎኑ ይለቀቅ። ጃኬት ወገብ ላይ ያልቅ፤ ጭን መሐል የሚያልቅ ጃኬት በረጅም ጉርድ ላይ ሰውነትን ለሁለት እኩል ይከፍላል፣ አጭርም ወፍራምም ያደርጋል። ለክረምቱ ካፖርት ከጉርዱ እኩል ወይም ጥቂት ቢረዝም ነው የሚያምረው። ጠርዙም የባቱ ሰፊ ቦታ ላይ አይቁም፤ ወይ ወደ ቁርጭምጭሚቱ ይውረድ ወይ ከጉልበት ሥር ይቅር። አጠር ላለች ሴት 20 ሴንቲ ሜትር ጥለት ከታች ማሠራት ከእግሯ ላይ 20 ሴንቲ ሜትር መቀነስ ነው። ከ5 እስከ 8 ይበቃታል፤ ጫማዋም ከጉርዱ ቀለም ጋር ይቀራረብ።

ገበርን አትርሺ። ለቅኔ አገር ልጅ ሰምና ወርቅ ማስረዳት ድፍረት ቢሆንም የጉርድ ወርቁ ከውስጥ ነው። ስስ ሸማ ያለ ገበር ፀሐይ ላይ እግርን ያሳያል። ከነጭ ሥር ነጭ ሳይሆን ከቆዳሽ ቀለም ጋር የሚሄድ የውስጥ ጉርድ ልበሺ፤ ነጩ ራሱን ያሳያል። በክረምት ማሞቂያ ባለበት ቤት ፖሊስተር ከስቶኪንግ ጋር ሲፋተግ እግር ላይ ይጣበቃል። እግርን ቅባት መቀባት፣ የጥጥ የውስጥ ጉርድ መልበስ፣ ወይም ጠርዙ ስፌት ውስጥ ትንሽ መርፌ ቁልፍ መሰካት ያላቅቀዋል። ተንቀሳቃሽ ደረጃ ላይ ግን ጠርዙን በእጅ ሰብሰብ አድርጎ መሐል ላይ መቆም ነው፤ ጨርቅ የሚይዘው በጎንና በጎኑ ያለው ክፍተት ነው።

አገር ቤት ሲገባ ደግሞ ሌላ ነው። የባሕር ዳር ሙቀት ስስ ጥጥ ይፈልጋል፤ ያንኑ ለብሶ ጥር ላይ ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ ማደር ብርድ መለመን ነው፣ ከሥር ታይት ይደረግ። ባጃጅ ላይ ጉርዱ ተሰብስቦ ጭን ላይ ካልተያዘ በክፍቱ በር በኩል ወጥቶ ይጎተታል። ለሚሰግድ ሰው ሙሉ ቁመት ያስቸግራል፤ ከስግደት ሲነሡ የፊቱን ጠርዝ በጉልበት ረግጠው ወገቡን ይቀዱታል። ከመነሣት በፊት ፊቱን በግራ እጅ ከፍ ማድረግ፣ ከዚያም በላይ የፊቱን ጠርዝ ከኋላው በ1 ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ማሳጠር ይረዳል። ጭቃ ከነካው እርጥቡን አትሺው፤ ደርቆ በብሩሽ ይራገፋል፣ ከዚያ ይታጠባል።

በሻንጣ ሲሄድ ሽንሽን አይታጠፍም። እጥፋቶቹ በቁመታቸው ተሰብስበው እግሩ ጫፍ በተቆረጠ አሮጌ ስቶኪንግ ውስጥ ይገባል፤ እንደ ገመድ ረዝሞ በሻንጣው ዙሪያ ይተኛል። ሲደርስ ወጥቶ ሙቅ ውኃ በፈሰሰበት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሌሊቱን ቢሰቀል ካውያ ላያስፈልገው ይችላል።